እምዬ ብቻዋን እስከ ካልጋሪ

የካቲት 19 ቀን 2017፣ ፍኖተ ሰላም

የእምዬ ቪዛ ተፈቀደ። የእኔ ተከለከለ።

ኢሜይሉን ያነበብኩት ክንዱ ቤት፣ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ነው። ክንዱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሥራ ሳጣ «እስክታገኚ ድረስ» ብሎ ቀጠረኝ፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አነበበና «አንቺን እንደማትመለሺ ጠርጥረው ነው። እትዬ ንግሥቴን ግን ላሞቻቸው ይጠብቋቸዋል ብለው አመኑ» አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ።

እህቴ ሰብሊ የምትኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። አምና የመጀመሪያ ልጇን ሆዷ ውስጥ በሰባት ወሩ አጥታዋለች፤ ባሏም ይህኛውን ካረገዘች ወዲህ አብሯት የለም። «እምዬ አጠገቤ ካልሆነች አልችለውም» ብላ ስታለቅስ ነው ማመልከቻውን የጀመርነው። እምዬ ልታርሳት፣ እኔ እምዬን ላደርስ።

አሁን እምዬ ብቻዋን ልትሄድ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለአሻራ አዲስ አበባ ይዣት ከሄድኩት በቀር ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም። እንግሊዝኛው ይቅርና ፊደል አልቆጠረችም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ ካልጋሪ። ሦስት አውሮፕላን።

ይቻላል። ሁለት ወር አለኝ። አስተምራታለሁ።

የካቲት 23

ሃያ ካርድ ሠራሁ። በአንዱ በኩል ሥዕል፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛ። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ሻንጣዬ የት ነው፣ የጾም ምግብ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች። ሁሉንም በፕላስቲክ ለበጥኳቸው። ክንዱ «እንግዲህ የላሚኔሽኑን ከደመወዝሽ ልቆርጥ ነው» አለ፤ ከዚያ ቀዳዳ በስቶ የሚንጠለጠሉበትን ገመድ ራሱ ገዛልኝ።

እምዬን ነገ ከጅጋ አመጣታለሁ። እስከ ጉዞው ድረስ እኔ ጋ ትሰነብታለች።

የካቲት 26

እንደጠበቅሁት አልሄደም።

የመጀመሪያውን ካርድ ሰጠኋት። አውሮፕላኑ ሆዱ ወደ ላይ እንደሆነ ያዘችውና «ያምራል» አለች። ዳር ዳሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «አይቀደድም፤ ጥሩ አድርገሻል።» ሁለተኛውን ሰጠኋት፤ እሱንም «ያምራል።» ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እምዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ አታውቂውም?»

«እኔማ የሣልኩት ነኝ። አንቺን ነው የምጠይቅ።»

«አታሳዪኝ፣ ንገሪኝ» አለች። «አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በቃል ሲያጠኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁ። በጆሮዬ የገባ አይወጣም።»

ነገርኳት። ከአውሮፕላን ትወርጃለሽ፣ ሰዉን ትከተያለሽ፣ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፓስፖርት ይልሻል፣ ትሰጪዋለሽ፣ ጣትሽን እዚህ ላይ ይልሻል። እስከ ማታ ድረስ ከቶሮንቶ እስከ ካልጋሪ ያለውን ሁሉ አንድ ሳትስት መለሰችልኝ፤ እንደ ዳዊት እያዜመች። እኔ በዩኒቨርሲቲ ለፈተና እንዲህ ይዤ አላውቅም።

ካርዶቹን ግን ትልቅ አድርጌ እንደገና እሠራቸዋለሁ። ሥዕሎቹ ትንንሽ ሳይሆኑባት አይቀሩም።

መጋቢት 4

ካርዶቹን በእጥፍ አሳደግኋቸው። «ያምራሉ።»

ምስሩ ውስጥ ጠጠር ነበረ። ጥርሴን አስለቀሰኝ። እምዬ የለቀመችው ምስር ውስጥ ጠጠር አግኝቼ አላውቅም። ጾሙ አድክሟት ይሆናል።

መጋቢት 8፣ ጅጋ

የቤቱን ነገር ለማየት ጅጋ ወረድን። ገበያ ነበር። ያምሮት፣ ከእምዬ ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጡት ሴትዮ፣ ከፊታችን መጥተው ቆሙ። እምዬ አልፋቸው ሄደች። ዝም ብላ፣ ቀጥ ብላ። እኔ ተመልሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ «ነገር በዝቶባት ነው እማማ» አልኳቸው።

«ይብዛላት» አሉ። ዞር ስል ግን ለጎረቤታቸው ሲሉ ሰማሁ፤ «ንግሥቴ ካናዳ ሳትገባ ዓይኗ ቀድሟት ገባ።»

መንገድ ላይ ለእምዬ ነገርኳት። «ያምሮት ነበረች?» አለች። «ምን ለብሳ ነበር?»

«የተለመደውን ነጠላ።»

«አይ፣ ገበያው ግርግር ነው» አለች። ማታ እነያምሮት ቤት ብቻዋን ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ መጣች።

መጋቢት 13

ትኬት የምትቆርጥልን የባሕር ዳሯ የጉዞ ወኪል ደወለች። ትኬቱ ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ። ሰብሊ ከፍላ ጨርሳለች።

«እናትሽ ቋንቋ ካልቻሉ ዊልቸር ልጻፍላቸው» አለችኝ ልጅቷ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የሚገፋቸው ሰው ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ እስከሚቀጥለው በር ያደርሳቸዋል። ወረፋም የለ፣ መጥፋትም የለ።»

ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥዕል ስሥል ከረምኩ። ለማስተማር ስቸኩል መጠየቅ ረሳሁ። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነኝ።

መጋቢት 14

«ምን ሆኜ?» አለች እምዬ።

«ምንም አልሆንሽም። የሚገፋሽ ሰው መንገዱን ስለሚያውቅ ነው።»

«እግር አለኝ።»

«እኮ አለሽ።»

«እንግዲያ እግር የሌለው ሰው ወንበር ላይ ምን ልሠራ? ለነዳያን የተዘረጋ ማዕድ ላይ ጠግቤ እንደ መቀመጥ ነው። ደግሞ ሳልታመም ታምሜአለሁ ስለው፣ እሱስ ሰምቶ እውነት ቢያደርገው?» እሱ ያለችው ፈጣሪን ነው።

«ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ እምዬ።»

«ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ሳደርግ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ለወኪሏ ልጅ ግን «ጻፊው» ብዬ መልእክት ላክሁላት። እምዬ አልሰማችም። ሲደርስ እንነጋገራለን።

መጋቢት 18

ይሄይስ መጣ። ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ጅጋ አጠገብ የአባታችንን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ለእምዬ በሶና ድርቆሽ፣ ለእኔ ደግሞ ቁጣ ይዞ ነው የመጣው።

«ጊደር ወደ ባሕር ዳር ብልክ እንኳ አብሬ እሄዳለሁ» አለ። «አንቺ እናታችንን እንደ ፖስታ ልትልኪያት ነው።»

«ሰብሊ ብቻዋን ናት።»

«ሰብሊ ሐኪም አላት፣ መብራት አላት፣ መኪና አላት። እምዬ ማን አላት?»

በኋላ በር ላይ ለክንዱ «ራሷ መሄድ ስላልሆነላት እምዬን መንገድ ልታስጠርጋት ነው» ሲለው ሰማሁ። ክንዱ እንዲከራከርልኝ ጠብቄ ነበር።

ሰብሊ ባለፈው «እምዬ ደርሳ በጊዜዋ ከተመለሰች ለአንቺም ቪዛው ይቀልላል» ብላኛለች። ብላኛለች እንጂ እኔ አልጠየቅኋትም።

መጋቢት 22፣ ቡሬ

ዛሬ ልምምድ አደረግን። እኔ ቀድሜ ቡሬ ገብቼ መናኸሪያው በር ላይ ልቆም፣ ክንዱ እምዬን ከፍኖተ ሰላም ብቻዋን ሊያሳፍራት፣ እሷ ወርዳ ሻንጣዋን አውጥታ እኔን ልትፈልግ። ካልጋሪ ማለት ይኼው ነው፤ በር ላይ የቆመች ልጅ መፈለግ።

ሻንጣውን በሚገባ ተወጣችው። ረዳቱ የአምስት ሰው ሻንጣ አውርዶ ከመራቸው፤ ሦስቱ እንደ እሷው ጥቁር ናቸው። እያንዳንዱን እጀታ በእጇ እየጨበጠች ሄዳ የራሷን አነሣች። እጀታው ላይ ከአሮጌ መቀነቷ ቀድዳ ቋጠሮ አስራበታለች። እኔ ያላሰብኩትን አሰበች። ኮራሁባት።

ከዚያ ዞራ ወደ እኔ አየች። አሥር እርምጃ ብንራራቅ ነው። እጄን አወዛወዝኩ። ፈገግ አልኩ። ቀጥ አድርጋ እያየችኝ ፊቷ አልተለወጠም። እንደገና አወዛወዝኩ። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። ሻንጣዋን እግሮቿ መካከል አድርጋ ቆመች፤ አንዱን ሰውዬ «የኔ ወንድም፣ እዚህ በር ላይ ቀጭን ልጅ ቆማለች?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ።

ሰውየው ወደ እኔ ጠቆማት። የጠቆመበትን አላየችም።

«እምዬ» አልኩ። ያኔ ፊቷ በራ።

ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነበር።

መጋቢት 23

ፀሐዩ ከጀርባዋ ነበር።

መጋቢት 25

ክንዱ ዛሬ ወረቀት እየደረደረ፣ እኔን ሳያይ፣ «እትዬ ንግሥቴ ያን ዕለት ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ደረጃውን በእግራቸው ሲፈልጉት አየሁ» አለ።

«እና?»

«እና ምንም። አየሁ ነው ያልኩ።»

ጮህኩበት። ሥራህን ሥራ አልኩት፤ ሥራው የእሱ፣ ቤቱ የእሱ። ሻይ አዝዞልኝ ወጣ።

መጋቢት 27

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። «ለጉዞ ምርመራ ነው» ብዬ። እሷም ያመነች መስላ መጣች።

በሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ አለ። የግራው ከብርሃን በቀር አይለይም፤ የቀኙ እንደ ጉም ነው። ይነሣል፤ ቀላል ነው አሉ። ግን ተራ አለ፤ ተራው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ አንዱ ዓይን ድኖ ሌላው እስኪሠራ፣ ጠብታው እስኪያልቅ፣ ሰኔ ይሆናል። ሰብሊ የምትወልደው ሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ሐኪሙ «የትኛውን ትመርጣላችሁ?» አሉ። እኔን ነበር የሚያዩት። እምዬ ግን «ልጄን» አለች።

መጋቢት 28

ትናንት ጨርሼ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ እሑድ ነው፤ እምዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ተኝታለች።

ከሐኪሙ ስንወጣ አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከአምና ክረምት። መጀመሪያ ጉም መስሎኝ ነበር። ጉሙ ጥቅምትም አልገፈፍ አለ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ለሰብሊ ትነግሪያታለሽ። ሰብሊ ደግሞ ቅሪ ትለኛለች። ሆዷን ይዛ ብቻዋን ትቀመጣለች።»

«ሳታዪ ምን ታደርጊላታለሽ?»

«ሴት በዓይን አትታረስም» አለች። «የጎረቤት ልጅ ስንቱን ተቀብያለሁ። መብራት የት ነበረና? እጄ ያያል።» ከዚያ ክንዴን ያዘች። «ለሰብሊ እንዳትነግሪያት። ማይልኝ።»

አልማልኩም። እሺ ግን አልኩ።

ሌላም ነገር አለ፤ ካልጻፍኩት ይህ ደብተር ዋጋ የለውም። ያወቅሁት ሐኪሙ ዘንድ አይደለም። ቡሬም አይደለም። አውሮፕላኑን ገልብጣ ስትይዘው ነው። ሥዕሉን ትልቅ ላድርገው ያልኩት ለምን ነበር? ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሥዕል ተገልብጦ አይታየውም? አውቄ ነው ካርድ ስለብጥ የከረምኩት። እሷ ብትቀር ለእኔም መንገዱ ይዘጋል ብዬ ነው? ይሄይስ የሰደበኝ አውቆኝ ነው?

አላውቅም።

አዎ፣ በከፊል።

ግን ሌላውም በከፊል እውነት ነው። ሰብሊ ብቻዋን ናት፤ እምዬም መሄድ ትፈልጋለች። ስለዚህ እንድትደርስ አድርጌ እልካታለሁ። የእኔን ምክንያት በኋላ እጨቃጨቅበታለሁ።

መጋቢት 30

ካርዶቹን ጣልኳቸው። ሁሉንም።

ዊልቸሩን እንደገና አነሣሁባት። «አሁንማ ምክንያት አለሽ» አልኳት። «ወንበሩ ለእግር ነው፤ እኔን የሚያመኝ ዓይኔን ነው» አለች። ያለ ፈቃዷ እንዳስጻፍኩትም ነገርኳት። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ «ቄስ ዘሚካኤልን እጠይቃለሁ፤ ካሉ እቀመጣለሁ» አለች። የነፍስ አባቷ ናቸው። ተቀመጪ ባይሏትስ?

ሚያዝያ 2፣ ጅጋ

ቄስ ዘሚካኤል ከሰርክ ጸሎት ወጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። እምዬ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባ፣ ይቺ ልጅ በሽባ ወንበር ካልሄድሽ ትለኛለች። እግሬ ደኅና ነው። መዋሸት አይሆንብኝም?»

«ወለተ ሥላሴ» አሉ፤ የክርስትና ስሟ ነው፣ ከእሳቸው በቀር የሚጠራት የለም። «እዚህ ሳለሽ እሑድ እሑድ ወንጌል ሳነብ ሰምተሻል?»

«ሰማሁ እንጂ አባ።»

«አላነበብኩም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዲያቆኑ መጽሐፉን ይይዝልኛል፣ እኔ በቃሌ እላለሁ። ገጹ የሚገለጥበት ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እገልጣለሁ። በቀደም ጉንፋን ይዞት እሱ ሲስል እኔ ስገልጥ፣ ማቴዎስን እያልኩ ማርቆስ ላይ ደረስኩ።»

እምዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ ሕዝቡን ዋሸሁት?» አሉ።

«አይ አባ። ቃሉ እኮ ያው ነው።»

«ያው ነው። ያንቺም መድረስ ያው ነው። የሚገፋሽን ሰው እንደ ዲያቆን ቁጠሪው። ግን እሱን አትዋሺው። እግሬ ነው አትበይ። ዓይኔ ነው በይ።»

እምዬ መሳቋን ተወች። «ዓይኔን ማን ነገረዎት?»

«አሁን መስቀሉን ስትሳለሚ ሁለቴ እጄን ሳምሽኝ» አሉ። «እኔም ሁለቴ ግንባርሽን ሳትኩ።»

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ሄደች። እስከ ዛሬ እንደዚያ ይዛኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 5

ሆሣዕና። አንድ ካርድ ብቻ ሠራሁ፤ በአንገቷ የሚንጠለጠል። «አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው። ዓይኔ በደንብ አያይም። ወደ ካልጋሪ ነው የምሄደው፤ ልጄ እዚያ ትጠብቀኛለች።» ከሥሩ የሰብሊ ስልክ።

«ዓይኗ አያይም ብለሽ ጻፍሽው?» አለች።

«አዎ።»

«በእንግሊዝኛ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ግድ የለም። የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው የሚያነቡት።»

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ይሄይስ በግ ይዞ መጣ። እምዬን ሲያይ ቆይቶ «ውጭ ላናግርሽ» አለኝ። ስለ ዓይኗ እሷው ነግራዋለች። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ቆምኩ። «ባሕር ዳር ድረስ እኔም እሄዳለሁ» አለ ብቻ።

ሚያዝያ 15

መንገድ ተዘጋ። እስከ መቼ ማንም አያውቅም። ኔትወርክም የለም። ሰብሊ ስልክ አልነሣ ስላት ምን ታስብ ይሆን።

ሚያዝያ 16

እንደ ትናንቱ።

ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። እምዬ «እኔ እንጂ ሻንጣው አይደለም የሚሄደው፤ ተይው» አለችኝ።

ሚያዝያ 17

ተከፈተ ሲባል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወጣን። ክንዱ የሱቁን በር ሳይዘጋ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣ ተሸክሞ ሮጠ።

ሚያዝያ 18፣ ባሕር ዳር

ደረስን። ሌላው ነገር ሁሉ ይቆየኝ። ደርሰናል።

ሚያዝያ 20፣ አዲስ አበባ

ይሄይስ ባሕር ዳር ላይ ቀረ። ሲለያዩ እምዬ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጢሙን ዳስሳ «ጢምህን ተላጭ» አለችው። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቦሌ እኔ የምገባው እስከ መጀመሪያው በር ነው። ጠባቂው «ተጓዥ ብቻ» አለ። ከውስጥ ወንበር የሚገፋ ወጣት መጣ፤ ደረቱ ላይ መታወቂያ አለው፣ ቸኩሏል።

እምዬ ሳትቀመጥ «የኔ ልጅ፣ እግሬ ደኅና ነው። የሚያስቸግረኝ ዓይኔ ነው» አለችው።

«ይሁን እናቴ፣ ይቀመጡ። ወረፋው ረጅም ነው።»

«አልዋሸሁህም።»

«አልዋሹኝም» አለ ልጁ፣ ወደ እኔ እያየ። 

ተቀመጠች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ እጇን ወደ ድምፄ ዘረጋች። ፊቴን ቀስ ብላ፣ ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ እንደሚገዛ ዕቃ መረመረችው። «ከስተሻል» አለች። «ስትመለሺ ብይ።»

ልጁ ገፋት። ወደ ኋላ አልዞረችም። ቢሆንስ ምን ልታይ ትዞራለች። እኔ ግን እጄን እያወዛወዝኩ ቆምኩ፤ ጠባቂው «እህት፣ መንገድ ልቀቂ» እስኪለኝ ድረስ።

ሚያዝያ 21

ለሰብሊ ብነግራትስ? ለእምዬ እሺ ብያታለሁ። እምዬ ሰማይ ላይ ናት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ቶሮንቶ ማረፍ አለባት።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ዝም።

ሰብሊ ደወለች፤ የካልጋሪው አውሮፕላን ላይ አልተሳፈረችም ተብላለች። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ እሷ የለችም። «ሕሊና፣ እናቴን የት ጣልሻት?» አለችኝ። የዘጠኝ ወር እርጉዝ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ላይ ተቀምጣ ነው የምታወራኝ።

ሃያ ካርድ ነበረኝ። አንድ ብቻ ሰጠኋት።

ሚያዝያ 22

ደርሳለች። ንጋት ላይ ሰብሊ እየሳቀችና እያለቀሰች ደወለች።

ነገሩ ይኸው ነው። ቶሮንቶ ላይ ፓስፖርት የሚያይ ሰው ጥያቄ ጠየቃት፣ መመለስ አልቻለችም። ወደ አንድ ክፍል አስገቧትና አስተርጓሚ በስልክ አገናኟት። አስተርጓሚው በሌላ ከተማ የሚኖር የደምበጫ ሰው ሆኖ ተገኘ። እምዬ የአባቱን ስም ጠየቀችው፤ የአባቱን አባትም። አያቱ ከአባቷ ዘንድ ቅኔ የተማሩ ነበሩ። ሰብሊ እንደምትለው መርማሪው ሁለት ጊዜ «ምን እያለች ነው?» ብሎ አስተርጓሚውን ጠይቆት፣ እሱም ሁለቴ «ዘመድ ናቸው» ብሎ መለሰለት። ሲጨርሱ አውሮፕላኑ ሄዷል። የሚገፋት ሰው ሌላ ወረፋ ላይ አስገብቷት በሚቀጥለው መጣች።

ስልኩን ወሰደች። «ደርሻለሁ» አለች እምዬ። «ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሁሉም ሰው ከፊቴ ዘወር ይላል። እንደ ጳጳስ ነው የገባሁት።»

«ካርዱስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እሱ በሥራው ደኅና አገለገለኝ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች፤ ከዚያ ጮክ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማ፣ «አዎ፣ ሁሉም ደኅና ነው።»

ግንቦት 1፣ ፍኖተ ሰላም

ሰብሊ ወለደች። ወንድ። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ክንዱ ሱቁ በር ላይ ለሚያልፈው ሁሉ ከረሜላ አደለ። «የማን ልጅ ነው?» ሲሉት «የጽሕፈት ቤቱ» ይላቸዋል።

ግንቦት 6

ዛሬ ኔትወርክ ጥሩ ነበር። እምዬ ደወለች።

ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ደስ የሚል ድካም ነው። ገንፎውን እንዴት እንዳገነፋች ነገረችኝ። ሕፃኑን እንዴት እንደምታጥበው፣ ውሃውን በክንዷ እየለካች፣ ነገረችኝ። ሰብሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደተኛች ነገረችኝ። ከኋላ ሰብሊ «እምዬ፣ እዚያ ጋ ደረጃ አለ» ስትል ሰማሁ። ቆይታ ደግሞ «እምዬ፣ ጽዋው ከፊትሽ ነው።» ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። ገና ጥያቄ ያልሆነ።

«እምዬ» አልኳት፣ «ልጁ ማንን ይመስላል?»

የሕፃኑ ትንፋሽ ስልኩ አጠገብ ይሰማኛል፤ ታቅፋዋለች።

«ገና ነው» አለች። «የሕፃን መልክ እስኪለይ ጊዜ ይወስዳል። ሲለይ እነግርሻለሁ።»

እዚህ ተመልሳ ተራ እስኪደርስ፣ ጠብታ እስኪያልቅ፣ እንዲህ እያለች ትከርማለች። እዚያ አገር ግን ሐኪም አለ፤ ሰብሊ አለች። ይህን ያህል ርቀት ያደረስኳት ሰብሊ እንድትደገፍባት ብቻ ነበር? እሺ ያልኳት እንድትደርስ ነበር። ደርሳለች።

«እምዬ» አልኩ፣ «ስልኩን ለሰብሊ ስጫት።»

«ምን ልትያት?»

«አንቺ ቄስ ዘሚካኤል ያሉሽን አድርገሻል፤ ዓይኔ ነው ብለሻል። አሁን ደግሞ እኔ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ።